የአቃቂው ጡሩንባ ባለቤት

እኔ የምለው፣ ጡሩንባ ይሰረቃል እንዴ? ዕቃውን አላልኩም። ዕቃውማ ይሰረቃል፤ አቃቂ ውስጥ ያልተሰረቀ ብረት ካያችሁ ብሎኑ ገና ያልላላ ነው። እኔ የምላችሁ ድምፁን ነው። አንድ ሰው የጡሩንባ አነፋፍ ከራሱ ያወጣል። ሌላው ይሰማና እሱም ይነፋዋል። ታዲያ ይሄ ተሰረቀ ነው የሚባለው ወይስ ተሰማ?

ለእናንተ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን በዚህ ጥያቄ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሽማግሌ አስቀምጫለሁ፣ ምሳዬን ተበልቻለሁ። በተለይ ምሳውን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። በቀለ እባላለሁ፤ ባቡር ነጂ ነበርኩ። አሁን ሰው ባቡር ሲባል ቃሊቲ ላይ የሚያበቃውን የከተማውን ባቡር ነው የሚያስበው። እሱም ጥሩ ነው፣ አይከፋም፤ ግን እንደ ድመት ነው የሚመጣው። የእኛው ከድሬዳዋ መስመር ሲመጣ ገና ዱከም ሳለ አቃቂ ያለ ሰው በእግሩ መዳፍ ያውቀው ነበር። እኔ የዕቃ ባቡር ነበር የምነዳው። ፉርጎው አንድ ቀን ጨው፣ አንድ ቀን ስሚንቶ፣ አንድ ቀን በግ። በግ ስጭን ሽታው እስከ ቤት ይከተለኛል።

ያን ጊዜ ሐዲዱ አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከለገሃር የሚወርደው ባቡር እስኪያልፍ ከታች የመጣው አቃቂ ጣቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ምሳ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤታችን በመስመሩ ላይ የሆነ ነጂዎች ሁላችንም እንዲሁ ነበርን። ሚስት አገልግሏን ይዛ ጣቢያ ትመጣለች። ከጋቢናው አንድ እጅ ይወጣል። ሙሉው አገልግል ይገባል፣ ባዶው ይወርዳል። ወሬ የለም። ሞተሩ እንደዚያ እየጮኸ ምን ወሬ ይኖራል?

ችግሩ ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የጊዜ ሰሌዳማ ነበር። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያምራል። ግን ሐዲድ ላይ ላም ትተኛለች። ዝናብ ድንጋይ ያወርዳል። ደብረ ዘይት ላይ አንድ ሹም ዘመዱን ይጠብቃል። ሚስት ደግሞ ወጡን ከጠዋት ጀምራ ታቅፋ ጣቢያ አትቀመጥ። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጂ የራሱ ምልክት ነበረው። አንዱ ሦስቴ ይነፋል፣ አንዱ ረዥም ያስጮሃል። የኔ ግን የተለየ ነበር።

ገላንን አልፌ ወደ አቃቂ ስጠጋ ነው የምነፋው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም፣ ከዚያ እጀታውን በግማሽ ለቀቅ አድርጌ ድምፁን አቀጥነዋለሁ፤ እያቀጠንኩ፣ እያቀጠንኩ አወርደዋለሁ። የሰማ ሁሉ ቀና ይላል። ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ አንድ ቀን እጄ እጀታው ላይ ነበር፣ መጣልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለሁሉም አይመጣም፣ ለተሰጠው ነው ብዬ አምኜ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ጫልቱ የገላን ገበሬ ልጅ ናት። ከአባቷ ቤት ስትመጣ ይዛ የመጣችው ዶሮ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ከዶሮ ተለይቶ አያውቅም። ያቺን ጡሩንባ በነፋሁ ቁጥር ጫልቱ አገልግሏን አንስታ ትወጣለች። እሷ ብቻ መሰለቻችሁ? ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ከየጥጋቸው እየተንደረደሩ አጥሩ ጋ ይሰለፉ ነበር። ከጋቢናው ሆኜ አያቸዋለሁ። ረዳቴን እየጎሸምኩ፣ የአባወራን ድምፅ ዶሮ እንኳ ያውቃል እያልኩ ጉራዬን እነዛበት ነበር። እሱ ምስኪን ምን ይበል፣ ይስቃል።

ከዚያ ሙሉጌታ መጣ።

ሙሉጌታ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ በቁመት ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ሞተር ሥር ውሎ ሸሚዙ የማይቆሽሽ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። በዚያ ላይ ጥርሰ ፍንጭት ነው፤ ሲስቅ የጣቢያው ሻይ ሻጮች መልስ መቁጠር ይረሳሉ። ሴቱ ሁሉ ስለ ጥርሱ ሲያነሳበት አንዲት የማይለውጣት መልስ ነበረችው። አባቴም ባቡር ነጂ ነበር፤ ያወረሰኝ ይሄን ጥርስና ይሄን ሥራ ነው ይላል። እኔ ሥራውን ያገኘሁት ፉርጎ ጠርጌ፣ ብሎን አጥብቄ፣ ረዳት ሆኜ፣ ስንቱን ደጅ ጠንቼ ነው። እሱ ወረሰው። ቀናሁ። ሌላ ስም ፈልጌለት ነበር፣ አጣሁለት።

የዐቢይ ጾም ቅበላ ሰሞን ነው። ጫልቱ በጠዋት ዶሮ ወጥ እንደምትሠራ ነግራኛለች። እናንተ ጾመኞች ታውቁታላችሁ፤ የቅበላ ዶሮ ካመለጠች እስከ ፋሲካ በህልም ነው። ከአዋሽ ጀምሮ ሆዴን ባዶ አድርጌ ነው የመጣሁት። ሻይ እንኳ አልጠጣሁም። ዱከም ላይ ስደርስ ቁም ተባልኩ። ከፊቴ የሙሉጌታ ባቡር አለ፣ እሱ አቃቂን ይልቀቅ ተባለ። እሺ ብዬ ቆምኩ።

በኋላ ተለቀቅኩ። ገላንን አለፍኩ። ነፋሁ። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ነፍቼ አላውቅም። አቃቂ ጣቢያ ገባሁ፣ እጄን በመስኮት ዘረጋሁ። ማንም የለም። እንደገና ነፋሁ። ዶሮዎቹ አጥሩ ጋ ተሰልፈዋል፣ ጫልቱ የለችም። ታመመች ብዬ ልቤ ወደቀ። ባቡሩን ጥዬ አልወርድ ነገር፣ በባዶ ሆዴ ለገሃር ገባሁ። ከዚያ በአውቶቡስ እየተገፋሁ ቤቴ ተመለስኩ።

ጫልቱ ምንም አልሆነችም። ድስቱን እየፈተገች ነው። ምሳዬስ አልኳት። ሰጠሁህ እኮ አለች። ለማን? ለአንተ። ጡሩንባህን ነፋህ፣ ወጣሁ፣ እጅ ወጣ፣ ሰጠሁ። ባዶውን አልመለስክም እንጂ። የማን እጅ እንደሆነ አላየሽም ወይ ብላት፣ እጅ እጅ ነው፣ ሁላችሁም ግራሶ በግራሶ ናችሁ አለችኝ። ባቡሩ ይመሳሰላል፣ እጁ ይመሳሰላል። የሚለየው ጡሩንባው ብቻ ነበር። እሱንም ሙሉጌታ ነፍቶታል።

የቅበላ ዶሮዬን፣ ፈረሰኛውን ጨምሮ፣ በራሴ ጡሩንባ በላብኝ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ቻል አድርጌ ልተወው እችል ነበር። ሙሉጌታ ቀጥሎ ሲያልፍ አገልግሉን መለሰ። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ውስጡ በድሬዳዋ ብርቱካን ተሞልቶ። ጫልቱ ብርቱካኑን አንድ በአንድ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣ ባዶ ዕቃ አልመለሰም አለች። እሷ ስትሰድብ አትሰድብም፤ እንዲህ ነው የምታደርገው። እኔ አገልግል ስመልስ አጥንቱን ውስጡ አስቀምጬ ነው። ለውሻው ብዬ! ለውሻው ማሰብ ክፋት ነው? ያን ብርቱካን አልቀመስኩትም። ሽታው ግን ቤቱን ሞልቶት ሰነበተ።

ለገሃር ሄጄ ሙሉጌታን ያዝኩት። ጡሩንባዬን ምን ቆርጦህ ነው የነፋኸው አልኩት። ደነገጠ። የሚስቴ ምሳ መጥሪያ መሆኑን እንደማያውቅ ማለ። እሱ የመሰለው የአቃቂ ሰላምታ ነው። አገልግሉ ሲገባለት፣ እነዚህ የአቃቂ ሰዎች እንዴት ያሉ ደጎች ናቸው ብሎ ከረዳቱ ጋር ሲያመሰግን እንደዋለ ነገረኝ። በዶሮዬ!

"በቄ ሙት፣ ሰርቄ አይደለም" አለኝ። "ስትነፋው ሰማሁ፣ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ድሮ የማውቀው ነው የመሰለኝ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ነገር ጨምሬበታለሁ፣ ሰማኸው?"

ሰምቼዋለሁ። ድምፁን አቅጥኖ ካወረደው በኋላ መጨረሻ ላይ ብድግ ያደርጋታል። አንዲት ትንሽ ጭራ። ልዋሻችሁ? ታምራለች። እንድታምር ግን አልፈለግኩም። ሰው ሰርቆ ቢያበላሽብህ ትጽናናለህ፤ ሰርቆ ሲያሳምርብህ ምን ትላለህ?

የጫልቱ ታናሽ ወንድም ግርማ ያኔ በማታ ሕግ ይማር ነበር። የተማረ ዘመድ ለመቼ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ግርማ ዓይኑ በራ። ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው ለሁለት የተከፈሉበት ነው አለ። አንደኞቹ ሰው ከአእምሮው ያወጣው ነገር በተፈጥሮው የራሱ ነው ይላሉ፤ ልክ እንደ ጣቱ። ሕግ ቢኖርም ባይኖርም የሱ ነው። ሁለተኞቹ ደግሞ፣ አይ፣ ሐሳብ አንዴ ከአፍ ከወጣ እንደ ነፋስ የሁሉም ነው፤ መንግሥት ሰዎች እንዲተጉ ብሎ ለተወሰነ ዘመን ያንተ ይሁን ሲል ነው ያንተ የሚሆነው፤ ችሮታ ነው ይላሉ። እኔ ከጣቶቹ ወገን ነኝ አልኩት። ቆይ ገና አልጨረስኩም አለ። የነፋኸው በማን ጡሩንባ ነው? በኩባንያው። በማን ሰዓት? በኩባንያው። ስለዚህ የአንተ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ የኩባንያው ሊሆን ይችላል አለኝ። የተማረ ዘመድ እንዲህ ነው፤ ጣትህን ይሰጥህና እጅህን ይወስድብሃል።

ወደ ጣቢያው ሹም ሄድኩ። ሹሙ ደህና ሰው ነው፣ ነገር አይወድም። ጉዳዩን ሰምቶ ዙሪያውን አየና በሩን ዘጋው። በደንቡ መሠረት ወደ ጣቢያ ሲጠጋ የሚነፋው አንድ ረዥም ብቻ ነው፣ ሁላችሁም ጥፋተኞች ናችሁ፣ እኔ ለምሳችሁ ብዬ ነው እንዳልሰማ የምሆነው አለኝ። ጆሮዬን ክፈት ካልከኝ እከፍተዋለሁ አለ። አትክፈት አልኩት። ለካ እስከዛሬ መብቴ ነው ስለው የነበረው ነገር የሰውዬው ጆሮ መደፈን ኖሯል።

አልተውኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከሕጉ ቤት ካጣሁት ከቤተ ክህነት አገኘዋለሁ ብዬ መሪጌታ ጥበቡ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ለቅኔ ሲሉ ጎጃም ወርደው ስንት ዘመን ኮቸሮ የበሉ ሰው ናቸው። ቅኔ ቤት ውስጥ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ተማሪ ቢገኝ ምን ይደረጋል አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ የባሰ ውርደት የለም አሉ። ዳኛ አያስፈልገውም፣ ፖሊስ አያስፈልገውም፣ ጓደኞቹ ስቀው ይጨርሱታል፣ ሌላ ደብር ፈልጎ ይሄዳል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ይኸው ተፈጥሮ ማለት ይሄ ነው፣ ወረቀት ሳይጻፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አልኩ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ ግን አሉ።

ይቺን “ግን” የምትባል ቃል ምናለ ሰው ባይፈጥራት?

ግን፣ አሉ መሪጌታ፣ ባለቤቱም ቢሆን አይደግማትም። ቅኔ ዛሬ ተነግራ ዛሬ ታልቃለች። የትናንቷን ይዞ የመጣ ቅኔ አዋቂ፣ የራሱም ብትሆን፣ ነጥፏል ይባላል። አንተ ያችኑ አንዲት ጡሩንባ ስንት ዘመን ነፋሃት? አዲስ አታወጣም? አሉኝ። ሰርቆኛል ልል ሄጄ ነጥፈሃል ተብዬ ተመለስኩ።

ነጥፈሃል መባል ደግሞ አልወድም። በማግስቱ አዲስ ጡሩንባ አወጣሁ። ገላንን አልፌ ያወረድኩት ዜማ ራሴን አስደነቀኝ። አቃቂ ገባሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ማንም የለም። በሌላው ቀን ሌላ አወጣሁ። የለም። ትላልቅ ነገሮች ናቸው የፈጠርኩት፤ ረዳቴ እንባው እስኪመጣ ይሰማ ነበር፣ ወይ ረሃቡ ይሆናል። ጫልቱ ግን በምን ትወቅ? ማታ ስገባ፣ ዛሬ ማን ነው ያለፈው፣ እንደታመመ ላም የሚያጓራው አለችኝ። የመጨረሻው ምርጤ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ሙሉጌታ በዚህ መሃል ያችኑ ባለጭራዋን ይነፋል። ጫልቱ ጭራ ካላት የሱ መሆኗን አውቃ ቤቷ ትቀመጣለች፣ እሱ ግን ይነፋል። ዶሮዎቹ ለእሱም ይሰለፋሉ፤ ዶሮ ክብር አታውቅም። አንድ ቀን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚወጡ ሴቶች መንገድ ላይ እየሄዱ ስሰማ፣ የሙሉጌታ ጡሩንባ ሳይነፋ እንዴት ተለቀቅን ይባባላሉ። የሙሉጌታ ጡሩንባ! እዚያው መንገድ ላይ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ማን እንደተረተው አላውቅም፤ ተራቹ ሙሉጌታን አላየም።

ሽማግሌ አስቀመጥኩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እኛው ግቢ፣ ባሕር ዛፉ ሥር። መሪጌታ ጥበቡ በወንበር፣ የጣቢያው ሹም በሌላ ወንበር፣ ግርማ ሕጉን እንዲያስረዳ ቆሞ። ሙሉጌታ በተተኮሰ ሸሚዝ መጣ። ጫልቱ ከቤቱ በራፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ዶሮዎቹ ግቢውን ሞልተው ይጭራሉ።

ክሴን አቀረብኩ። ጡሩንባዋ ከራሴ የወጣች ናት፣ በተፈጥሮ የኔ ናት፣ ሙሉጌታ ዳግመኛ እንዳይነፋት፣ የአቃቂም ሰው በስሜ እንዲጠራት አልኩ። ሙሉጌታ፣ ወንድሜ ከከፋው አልነፋትም፣ ግን ጆሮዬ ውስጥ ያለችውን ምን ላድርጋት አለ። ግርማ ጣቱንና ነፋሱን አንስቶ ብዙ ተናገረ። ሹሙ ደንቡን ሊያነሳ ሲል አየሁትና ተወው። በመጨረሻ መሪጌታ፣ ነገሩን ሳንሰማው እንዴት እንፈርዳለን፣ ሁለታችሁም በአፋችሁ አፏጩልን አሉ።

መጀመሪያ ሙሉጌታ አፏጨ። በዚያ በፍንጭቱ ሲያፏጭ ድምፁ ከጡሩንባው ይልቅ ይጠራል። አንዳንድ ዶሮዎች መጫራቸውን ትተው ወደ እሱ ሄዱ። ከዚያ እኔ አፏጨሁ። አፌ ደርቆ ነበር፣ ንዴትም አለ። አንድ አውራ ዶሮ ብቻ መጣ፣ እሱም አየኝና ተመለሰ። ሹሙ ፊቱን አዞረ። እንደሚስቅ አውቄያለሁ።

ያኔ ጫልቱ ምስሯን አስቀመጠችና ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። ሰው ፊት ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ቀጥ ብላ ቆማ፣ አንዴ ብቻ አፏጨች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም፣ ከዚያ እያቀጠነች አወረደችው። እናንተዬ፣ ከጓሮ የለ፣ ከማጀት የለ፣ ከጎረቤት አጥር ሥር የለ፣ ዶሮ የተባለ ሁሉ እየበረረ መጥቶ እግሯ ሥር ተከመረ። አንዲቱማ በመሪጌታ ቀሚስ ላይ ነው ያለፈችው። ቄብ፣ እናት፣ ጫጩት፣ አንድ የቀረ የለም።

"የኔ ናት" አለች ጫልቱ። "ልጅ ሆኜ ገላን እያለሁ ጀምሮ ዶሮ የማስገባባት ናት። ሴት ስታፏጭ ነውር ነው ስለሚባል ሰው በሌለበት ከጓሮ ነው የማፏጫት። እሱ ሥራ አድሮ ሲመጣ በተኛበት ይሰማታል። ኋላ በባቡር ሲነፋት ሰማሁ።"

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"ምን ብዬ ልንገርህ? አውቀህ ለኔ የምትነፋት መስሎኝ ነበር።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የኔ ሆድ ግን ምንም አያውቅም ነበር። ለረዳቴ ስነዛው የኖርኩት ጉራ ሁሉ እግሯ ሥር ተከምሮ ይጮሃል። ደስ አለኝ፣ አፈርኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀናሁ። እስከዚያ ቀን በሙሉጌታ ነበር የምቀናው፤ ያን ቀን በሚስቴ ቀናሁ። እኔ በሙሉ ባቡር ነፍቼ የማልጠራውን እሷ በከንፈሯ ትጠራዋለች።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ግርማ፣ ይሄማ ጥርት ያለ የተፈጥሮ መብት ነው አለ፤ እህቱ ስለሆነች እንደሆነ እሱ ያውቃል። መሪጌታ ግን ቀሚሳቸውን እያራገፉ፣ እኔ ለበቀለ የነገርኩት ለቅኔ ነው፣ ቅኔ ቢደገም ነውር ነው፣ ዶሮ ግን ካልተደገመላት አትመጣም አሉ። ስለዚህ ባለቤቷ ትፍረድ ተባለ። ጫልቱም ፈረደች። ሁለታችሁም ንፏት። ሙሉጌታ ጭራዋን አይርሳ፣ እንድለያችሁ። ደግሞ እሱ ሚስት የለውም፣ አልፎ አልፎ አገልግል ባቀብለው ቅር እንዳይልህ አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከእንግዲህ ማናችሁም ባዶ ዕቃ እንዳትመልሱልኝ።

ይኸው ነው። ተፈጥሮ ነው ሕግ ነው ብዬ ስንት ደጅ ጠንቼ፣ በሚስቴ ፈቃድ የሚነፋ ጡሩንባ ይዤ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ አገልግሌን በምን ሞልቼ እንደምመልስ ስጨነቅ ነው የኖርኩት። አዋሽ ላይ ሐብሐብ፣ ሞጆ ላይ ሽንኩርት። ሙሉጌታ ማንጎ ካመጣ እኔ ፓፓዬ ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኋላ ደብረ ዘይት አግብቶ ምሳው እዚያ ሆነ፣ እኔም አረፍኩ። ሚስቱን የሚጠራት በዚያችው በጫልቱ ፉጨት መሆኑን ስሰማ ግን ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎኛል።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሰሞን ከጫልቱ ጋር በራፍ ላይ ተቀምጠናል። ባቡሩ ከቀረ ቆየ፣ ሐዲዱም ሣር በልቶታል። ዶሮዎቹ ግን አሉ። ልታስገባቸው አፏጨች፤ አሁን አርጅታለች፣ ነውሩንም ትታዋለች። እንዲያው ድንገት፣ አንቺ ግን ይቺን ከየት አመጣሻት አልኳት። እስከዛሬ አለመጠየቄ ይገርማል።

ከባቡር ነዋ አለችኝ።

ከየትኛው ባቡር?

ልጅ ሆና የአባቷ ማሳ ሐዲዱ ጥግ ነበር። አንድ ነጂ ከድሬዳዋ በኩል ሲመጣ ማሳው ጋ ሲደርስ እንደዚያ ይነፋል። ልጆቹ እየሮጡ ይወጣሉ፤ እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ ይስቅላቸዋል፣ አንዳንዴም ብርቱካን ይወረውርላቸዋል። እሷ ድምፁን ወስዳ ዶሮ ጠራችበት። መጨረሻው ላይ ብድግ የምትል ነገር ነበረችው፣ ዶሮዎቹ ሲበረግጉብኝ ጊዜ እሷን ጣልኳት አለችኝ።

ምን ዓይነት ሰውዬ ነበር አልኳት። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

ፊቱ ጠፍቶብኛል አለች። አሰብ አደረገችና ፈገግ አለች። ብቻ ሲስቅ ፍንጭት ነበር።

ዝም አይነቅዝም። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ እስኪገቡ አየኋቸው፣ ከዚያ ተነስቼ በሩን ዘጋሁባቸው።

ሙሉጌታ ደህና ነው። እሱም ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ገላን ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ ለበዓል ሲመጣ ዛሬም ብርቱካን ነው የሚይዘው። መንገድ ላይ ብታገኙት ሰላም በሉልኝ። የፈለጋችሁትን አጫውቱት፣ ስለ ሸሚዙም አንሱበት። ስለ አባቱ ጥርስ ግን አደራ፣ እንዳትጠይቁት።